ሚኤሶ ላይ የወለቀው ቆብ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ ዓመት፣ በግንቦት ወር፣ ቆላው ዝናብ አጥቶ በሚነድበት ሰሞን ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈውታል፤ ያኔ ሃምሳዎቹ ገና አልተጋመሱም ነበር። ነገር ግን አራስ ልጠይቅ ሰው ቤት በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዲት እናት አንብባው ከጠቀማት ብዬ ነው የጻፍኩት።

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። አሰበ ተፈሪ የመጣሁት ባለቤቴ እዚህ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስለተመደበ ነው። ወላጆቼም ዘመዶቼም እዚያው መንዝ ናቸው። እዚህ ያሉኝ ጎረቤትና ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበሩ።

መንዝ ብርድ አገር ነው። እዚያ ሰው ሙቀትን አይፈራም፤ ሙቀት ቢመጣ ደስ ይለዋል እንጂ። ብርድ ግን ሰው ይገድላል። ከእኔ በታች የተወለደ ወንድም ነበረኝ። በክረምት ወር ከመኝታው ተንከባሎ፣ ልብሱን ጥሎ አድሮ፣ ጠዋት እናቴ ስታነሳው ገላው እንደ ጅረት ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። እሳት ዳር አደረጉት፣ አሹት፣ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የወለደቻቸውን ሁሉ እናቴ ጠቅልላ ነው ያሳደገችው። እኔንም ስትድረኝ የሰጠችኝ ምክር አንድ ነበር።

«ልጅ ስትወልጂ ራሱንና እግሩን ሸፍኚ፤ የቀረውን እግዚአብሔር ይሸፍነዋል።»

ልጄ ሴት ናት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት መንዝ ደርሼ በተወለድኩበት ደብር ላስጠምቃት ተመኘሁ። ስሙንም አባቴ እንዲያወጣላት አቆየንላት። እስከዚያ ድረስ ማሚቴ እያልን ነበር የምንጠራት። ባለቤቴ ከሥራው ሊለይ ስላልቻለ፣ አዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሚሄዱት ጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ አደራ ብሎ ሰጠን። እትዬ አስካለ የቡልጋ ሰው፣ ብዙ የወለዱ፣ ብዙ የሚያውቁ፣ የሚያውቁትንም የማይደብቁ ሴት ነበሩ።

መንገዱ እስከ ሚኤሶ በመኪና፣ ከሚኤሶ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ በኋላ በአውቶቡስና በበቅሎ ነው።

በምንነሳበት ጠዋት ጎረቤቶቼ ሊሸኙኝ መጡ። አሰበ ተፈሪ ጠዋት ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል። አንዷ ፍላኔል አመጣች፣ ሌላዋ በላዩ ሹራብ ደረበች። በላዩ ነጠላ፣ በነጠላው ላይ ጋቢ። ጥቅልሉ እንዳይፈታ እትዬ አስካለ በመቀነት አሠሩት። ራሷ ላይ እናቴ በሰው እጅ የላከችልኝን የበግ ጠጉር ቆብ አጠለቅሁላት። የመንዝ በግ ጠጉር እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። እትዬ አስካለ ለክፉ ዓይን ብለው መሀሉ ላይ ቢላዋ ሊያስገቡ ሲሉ ባለቤቴ፣ «እሱ እንኳ ይቅር» አላቸው። የቀረው ቢላዋው ብቻ ነበር።

የያዘን መኪና ከገለምሶ ቡና ጭኖ ሚኤሶ ጣቢያ የሚያራግፍ ነው። ሹፌሩ አብዲ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ነገረኛ፣ ጥሩ ሰው። ከእኛ ጋር ሦስት ሆነን ጋቢናው ውስጥ ተደረደርን። ከእግራችን ሥር ሞተሩ ስላለ ወለሉ እንደ ምጣድ ይሞቃል። መኪናው ፊት ላይ የሸራ ውሃ መያዣ ተንጠልጥሏል። ሸራው ከውጭ ስለሚረጥብና ንፋሱ ስለሚመታው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከከተማው ወጥተን ቁልቁለቱን እንደጀመርን አብዲ፣ «እማማ፣ መስታወቱን ልክፈተው? ይሞቃል» አለ።

«ሕፃን ይዘናል» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሕፃኑ አይተነፍስም?»

«ይተነፍሳል። ንፋስ ግን አይንካው።»

«አቦ እኔስ? እኔም እኮ የሰው ልጅ ነኝ።»

«አንተ ለምደኸዋል።»

አብዲ በእሱ በኩል ያለውን መስታወት ጣት የምታስገባ ያህል ዝቅ አደረገው። እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ያችኑ ክፍተት ከልጄ ጋረዱ።

ልጄ መጀመሪያ ላይ አለቀሰች። ጡት ሰጠኋት፣ ትንሽ ጠብታ ተወችው። ቁልቁለቱ እያለቀ፣ ግራሩ እየበዛ፣ አየሩ እየከበደ ሲመጣ ዝም አለች።

«ተኛች» አሉ እትዬ አስካለ። «መኪና ይስማማታል። ይህች ልጅ ሹፌር ነው የምታገባ።»

«ሹፌሩን ማን ይጠይቀዋል?» አለ አብዲ። «መስታወት ልታዘጋው ነው።»

እኔ ላቤ ከጀርባዬ እስከ ወገቤ ይወርድ ነበር። የልጄን ግንባር በጣቴ ነካ ሳደርገው ደረቅ ነው። እኛ ሁላችን ስናልብ እሷ አለማላቧን እንደ በጎ ነገር ቆጠርኩት። በደንብ ስለሸፈንኳት ሙቀቱ አልደረሰባትም ብዬ አመሰገንኩ።

ሚኤሶ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። አብዲ ከጣቢያው አጥር አጠገብ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አወረደንና ቡናውን ሊያራግፍ እዚያው ፊት ለፊት ወዳለው መጋዘን ሄደ። ባቡሩ ከድሬዳዋ ገና አልመጣም። እትዬ አስካለ ጓዛቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ላጠባት ብዬ ጋቢውን ከፊቷ ገለጥኩት።

ልጄ በርበሬ መስላለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኗ ግማሹ ተከፍቶ ነበር፣ ግን አያየኝም። ትንፋሿ እንደ ጫጩት ቶሎ ቶሎ ይላል። ጡቴን አፏ ውስጥ ባደርገው ወደቀ። ደግሜ አደረግሁት፣ ደግሞ ወደቀ። ክንዷን አንስቼ ብለቀው ያለ ምንም ኃይል ተመልሶ ወረደ። ጉንጯን በጉንጬ ስነካው አቃጠለኝ።

«እትዬ፣ ይዩልኝ» አልኩ።

አዩአት። ብዙ አልፈጀባቸውም።

«ምች ነው። ያ ሹፌር በከፈተው ቀዳዳ ነው የገባባት።»

ምች ሲመታ የሚደረገው በእኔም አገር በእሳቸውም አገር የታወቀ ነው። ዳማከሴ ተጨምቆ ይቀባል፣ ከዚያ በደንብ ተሸፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። ዳማከሴ ሚኤሶ ላይ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የመድኃኒቱን ሌላውን ግማሽ፣ መሸፈኑን አጠነከርነው። እትዬ አስካለ የገዛ ነጠላቸውን አውልቀው በጋቢው ላይ ደረቡላት። ቆቡን እኔው ራሴ ወደ ጆሮዋ ጎተት አደረግሁት።

እዚያ ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ልጄ አልተጠመቀችም። ብትሞት ስም የላትም፣ ክርስትና የላትም፣ ቤተ ክርስቲያን አጸድ አትቀበርም። አንድ ሻንጣ ተሸካሚ ጠርቼ፣ «እዚህ ቅርብ ቄስ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። እጁን ወደ አሰቦት ተራራ ዘረጋ። ተራራው በጭጋግ ውስጥ በሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የሥላሴ ገዳሙ እዚያ አናቱ ላይ ነው። በእግር ልሂድ ብል ልጄም እኔም አንደርስም።

ስለዚህ ወደ ተራራው ዞሬ ተሳልኩ። «ሥላሴ፣ እስከ ጥምቀቷ ብቻ አቆዩልኝ» አልኩ። ከዚያ በላይ ለመለመን አልደፈርኩም።

ከዛፉ ማዶ ለመንገደኛ ወተት የሚሸጡ ሴቶች ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሠረች ሴት፣ ከመጣን ጀምሮ ዓይኗን ከእኛ አልነቀለችም። ተነሥታ መጣችና ከእኔ ፊት ቁጢጥ አለች። ስሟ ፋጡማ መሆኑን የሰማሁት ጓደኞቿ ሲጠሯት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ልጅ ነው።»

«የታለ?»

አሳየኋት። እጇን ሳታስፈቅደኝ ከቆቡ ሥር በልጄ ማጅራት በኩል ሰደደችው። አውጥታም መዳፏን አየችው፣ የሆነ ነገር የተቀባ ይመስል።

«አቦ፣ ይሄ ልጅ እየተቀቀለ ነው» አለች። «ፍቺው።»

እትዬ አስካለ፣ «ምች ነው የመታት። ንፋስ ካገኛት ታልቃለች» አሏት።

«ንፋስ የታለ?» አለች ፋጡማ ዙሪያዋን እያየች። «ሚኤሶ ንፋስ ካገኘሽ ለኛም ስጪን።»

ፋጡማ አማርኛ የምትናገረው በገበያ የለመደችውን ነው። ለእኔም ለእትዬ አስካለም እኩል «አንቺ» ትላለች፤ ልጄን ደግሞ «እሱ» ነው የምትላት። እትዬ አስካለ በአንቺታው ቅር መሰኘታቸው ከፊታቸው ይታወቅ ነበር።

«እኛ ስንት ወልደን ያሳደግን ሰዎች ነን» አሉ።

«እኔም ወልጃለሁ» አለች ፋጡማ። «አንዱን ይሄ ፀሐይ በላው። እንደዚህ ቀይ ሆነ። እንደዚህ ዝም አለ። ተኛ አልን።»

ይህን ስትል ድምጿን አላነሳችም። እናቴም ስለ ወንድሜ ስትናገር እንዲሁ ነበረች፤ የዕቃ ዋጋ እንደምትናገር ሰው። ከዚህ በላይ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ልጄን ከነጥቅልሉ አንስቼ ሰጠኋት።

ፋጡማ መጀመሪያ ቆቡን አወለቀች። ከዚያ ላይኛውን ነጠላ አነሳች፣ መቀነቱን ፈታች፤ ጋቢውን፣ ሌላውን ነጠላ፣ ሹራቡን፣ ፍላኔሉን። እያወጣች ወደ እትዬ አስካለ ጭን ትወረውራለች። እትዬ አስካለም ሳይወዱ እየተቀበሉ ያጥፉ ነበር። የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ልብስ ከወጣ በኋላ መሀሉ ላይ ልጄ ተገኘች። ትንሽ ነበረች። እንደዚያ ትንሽ መሆኗን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ፋጡማ ወደ መጋዘኑ ዞራ፣ «አብዲ! ቢሻን!» ብላ ተጣራች። አብዲ ሮጦ የሸራውን ውሃ መያዣ ከመኪናው ፊት ፈትቶ አመጣ።

ፋጡማ «ቢስሚላሂ» አለችና ውሃውን በመዳፏ ይዛ የልጄን ራስ፣ አንገት፣ ብብት ታርስ ጀመር። እትዬ አስካለ ክንዴን ጨመቁኝ።

«ሰማሽ ያለችውን?»

«ሰማሁ።»

«ሳትጠመቅ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ትትረፍ። ከዚያ ትጠመቃለች» አልኩ።

እትዬ አስካለ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመሩ። ፋጡማ ውሃ በጨመረች ቁጥር ቢስሚላሂ ትላለች፣ እትዬ አስካለም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ለማካካስ ይመስለኛል።

ፋጡማ የራሷን ሻሽ ፈትታ በውሃው ነከረችና ልጄን ከደረቷ እስከ ጉልበቷ አለበሰቻት። ሻሹ ወዲያው ይሞቃል፤ ደግማ ትነክረዋለች። አብዲን ከጓደኞቿ የሰሌን ማራገቢያ አስመጥታ፣ «ንፋስ ሥራ» አለችው። አብዲም እያራገበ፣ «በመስታወቱ በኩል በነፃ ይገባ የነበረውን» አለ።

ባቡሩ መጣ።

ሰው ሁሉ ተነሣ። ዕቃው፣ ፍየሉ፣ ጫቱ፣ ሁሉም ወደ ፉርጎው ይሮጣል። እትዬ አስካለ ከነልብሱ ክምር ብድግ አሉ።

«ተነሺ እንጂ፤ አምልጦን ይቀራል።»

እኔ ፋጡማን አየኋት። ልጄ ገና ዓይኗን አልከፈተችም። ትንፋሿ እንደዚያው ነው።

«እሱ ብረት ነው» አለች ፋጡማ ባቡሩን በአገጯ እያሳየች። «ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው። ውስጡ ምድጃ ነው። ልጁ አሁን ገና ከምድጃ ወጣ።»

ቀናችን ተቆጥሮ ነው የተነሣነው። ባቡሩ ካለፈን ለሚቀጥለው ማደር አለብን፤ ሚኤሶ ላይ ደግሞ አንድም የማውቀው ሰው የለም። እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ሳላስብ የማደርገው ነገር ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ግን መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፣ «እርስዎ ይሂዱ» አልኳቸው።

እትዬ አስካለ ባቡሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ተመልሰው ጓዛቸው ላይ ተቀመጡ።

«የሰው ልጅ ጥዬ ብሄድ ባልሽ ይከሰኛል» አሉ። «ፍርድ ቤቱም የእሱ ነው።»

ባቡሩ ጮኸና ሄደ። ጣቢያው ጭር አለ። ፋጡማ መንከሯን፣ አብዲ ማራገቡን፣ እትዬ አስካለ ጸሎታቸውን አላቆሙም። እኔ ብቻ ሥራ አልነበረኝም። የልጄን እግር ይዤ ነበር። የመንዝ ሰው እግር ሲቀዘቅዝ ይደነግጣል፤ እኔ እግሯ እንዲቀዘቅዝ ስጠብቅ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

መጀመሪያ ላይ የተለወጠው ቀለሟ ነው። ቀጥሎ ትንፋሿ ረጋ አለ። ከዚያ ፋጡማ በድንገት እጇን አቆመችና ቁልቁል ጭኗን አየች። ልጄ ሸንታባታለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «አሁን ዳነ።»

ልጄ አፏን ከፈተችና አለቀሰች። ድምጿ የተሰነጠቀ ነበር፣ ግን ልቅሶ ነው። ተቀብዬ ጡት ሰጠኋት፤ ያዘችው፤ አለቀቀችውም። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ አሰቦት አዙረው አማተቡ። አብዲ ማራገቢያውን ወደ ራሱ አዞረው።

ፋጡማ የጭኗን እርጥብ ጨርቅ እያራገፈች፣ «ሴት ናት እንዴ?» አለች። እስከዚያ ድረስ አላየችም ነበር።

ያን ዕለት ያሳደረችን ፋጡማ ናት። ቤቷ ከጣቢያው ጀርባ በሰሌን የተሠራ ሲሆን አየር በየትኛውም በኩል ይገባበታል። እትዬ አስካለ ገብተው ዙሪያውን ካዩ በኋላ፣ «ቀዳዳው ነው ግድግዳው» አሉ በጆሮዬ። ፋጡማ ወተት ቀዳችልን። እኔ ጽዋውን ይዤ አመነታሁ። ገባት።

«ጠጪ። የላም ነው። የግመሉ የኔ ነው።»

ጠጣሁ። እትዬ አስካለም ካሸተቱ በኋላ ጠጡ።

ወደ ማታ አየሩ ሲበርድ ልጄን ላለብሳት እጄን ወደ ልብሱ ክምር ሰደድኩ። ፋጡማ ከተቀመጠችበት ሆና ታየኝ ነበር። አንድ ነጠላ አነሳሁ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሁለተኛውን ሳነሳ መነቅነቋን አቆመች። መለስኩት።

በማግስቱ ባቡር በደህና ሄድን። በመስኮቱ ዳር ተቀመጥን፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። እትዬ አስካለ ወደ ወዲያኛው ጥግ ተዛወሩ እንጂ አልተናገሩም።

መንዝ ስንደርስ ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሁሉ የከበደኝ ያ ቢስሚላሂ ነበር። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሴትዮዋ ነከረቻት ወይስ አፈሰሰችባት?»

«አራሰቻት፣ አባቴ። ብዙ ጊዜ።»

«ውሃው የምን ነበር?»

«የመኪና።»

አባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«የመኪና ውሃ እስላም አያደርግም» አሉ። «ክርስቲያንም አያደርግም። ሙቀት ያበርዳል። በቀኗ አምጫት።»

በቀኗ ወሰድኳት። እዚህ ላይ የሆነውንም ልንገራችሁ። የጥምቀቱ ውሃ የመንዝ ውሃ ነው፤ በማለዳ ነው። ልጄ ከውሃው ስትወጣ ሚኤሶን አስቤ፣ አብዝቼ መሸፈኑን ፈርቼ፣ አንድ ነጠላ ጣል አድርጌባት ቆምኩ። ፋጡማ እንዳስተማረችኝ ማለት ነው። ከንፈሯ ጠቆረ። መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ቀጥሎም መንቀጥቀጡን ተወችና ዝም ልትል ስትል እናቴ ከእጄ መነጨቀቻት።

«ምን ሆነሽ ነው ልጅ ራቁቷን የምታቆሚ? ሐረርጌ ልብስ የለም እንዴ?»

እርጥቡን ነጠላ ጥላ፣ የቀሚሷን ደረት ከፍታ፣ ልጄን ከገላዋ ጋር አጣበቀቻትና በላይዋ ጋቢ ተጠቀለለች። ቆቡንም አመጣችና አጠለቀችላት። ለረጅም ጊዜ እንዲያ ተቀመጠች። ወንድሜን እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ። ልጄ ሞቃ፣ ቀልታ፣ እየጮኸች ወጣች። አባቴም ስሟን አወጣላት።

እናቴ ያስተማረችኝ እውነት ነበር። ፋጡማም ያስተማረችኝ እውነት ነው። የጎደለኝ የቆምኩበትን አገር ማየት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጣቴን ከልጁ ማጅራት ሥር አስገባለሁ። የሚነግረኝ እሱ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ወደ አሰበ ተፈሪ ስመለስ ሚኤሶ ላይ ፋጡማን ፈለግኋት። እዚያው ዛፍ ሥር ነበረች። ከሩቅ አይታኝ ተነሣች። ልጄን አንስቼ አሳየኋት፤ ወፍራለች፣ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ፋጡማ ግን መጀመሪያ ያየችው ጥርሷን አልነበረም።

«አሁንም?» አለችኝ።

በልጄ ራስ ላይ ቆቡ ነበር። ከመንዝ ስንነሣ እናቴ ያጠለቀችላት ነው። አዲስ አበባ ላይ አውልቄው ነበር፤ ባቡሩ ውስጥ ማለዳ ስለበረደ መልሼ አጠለቅሁላት፣ ከዚያም ረሳሁት። ፋጡማ አወለቀችው። አገላብጣ አየችው፣ ጨመቀችው፣ ወፍራምነቱን በጣቷ ለካችው። ከዚያም አጣጥፋ ራሷ ላይ አስቀመጠችና በላዩ የወተቱን ዕቃ አሳረፈችበት።

«ለዚህ ጥሩ ነው» አለች።

መልሺልኝ አላልኳትም። ከዚያ በኋላ በሚኤሶ ባለፍኩ ቁጥር የመንዝ በግ ጠጉር ከወተት ዕቃ ሥር ሆኖ አየዋለሁ። እናቴ ሰው በላከችብኝ ቁጥር፣ «ያ ቆብ ደህና ነው?» ብላ ታስጠይቀኛለች። እኔም፣ «በደንብ እያገለገለ ነው» እላለሁ። ውሸት መናገር አልወድም።

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ማታ ማታ ልብስ ባለብሳት በእግሯ ትገፈትረዋለች። እትዬ አስካለ ይህን አይተው፣ «የሚኤሶዋ ሴትዮ ናት እንዲህ ያደረገቻት» ይላሉ። በክፋት አይደለም። እሳቸውም ራሳቸው ቆላ ሲወርዱ መስታወት ያስከፍታሉ፤ ምክንያቱን ግን ለሹፌሩ አይነግሩትም።

ከደጋ የመጣ መምህር ወይም ፖሊስ ሚስቱ ወልዳ እንደሆነ ስሰማ ልጠይቅ እሄዳለሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ እላለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ቀጥዬ እጄን ወደ ሕፃኑ ማጅራት እሰዳለሁ። አብዛኞቹ ይተዉኛል። አንዳንዶቹ ዓይኔን ፈርተው ልጃቸውን ከእኔ ይሸፍናሉ። እናቱን ያስፈራሁበት ልጅ በላዩ አንድ ጋቢ ይጨመርበታል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን አካሄዴን ቀይሬአለሁ። ሚኤሶ ስለምትባል አገር፣ ስለ አንድ ሹፌርና ስለ አንድ መስታወት አወራላቸዋለሁ። ወሬው ሳያልቅ እናትየዋ ራሷ እጇን ከልጇ አንገት ሥር ስታስገባ አያለሁ። ያኔ ተነሥቼ ቤቴ እሄዳለሁ።

ለሥላሴ የተሳልኩትን በልጄ ጥምቀት ዓመት አድርሻለሁ። ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። በጸሎቴ መጨረሻ ላይ የቤተሰቤን ስም አንድ በአንድ እጠራለሁ። ከባለቤቴና ከእናቴ ቀጥሎ፣ ከወንድሜ በፊት፣ የፋጡማን ስም እጠራለሁ። እንዲህ ማድረግ ይገባ እንደሆነ የነፍስ አባቴን አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቃቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ስለ መኪናው ውሃ እንዳሉት የሆነ ነገር የሚሉኝ ይመስለኛል። እስከዚያ ግን እጠራታለሁ።